ትንሽ ሞተር ጀልባ ላይ እያደሩ ለመዝናናት፣ ጀልባዋን አዲስ አበባ ላይ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

ስድስት ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት፣ ከፊቷ ጠበብ ያለች ካቢን ያላት ጀልባ ለሁለት ሰው ሁለት ሶስት ሌሊት ማደሪያ በደንብ ትበቃለች። ግን ስራው ማለቅ ያለበት ሐይቁ ዳር ሳይሆን እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ላንጋኖ 200 ኪሎሜትር ገደማ ስለሚርቅ እዛ ደርሳችሁ አንድ ፊውዝ ቢጎድል ቅዳሜያችሁ በፍለጋ ያልቃል፣ እዚህ ግን ከፒያሳ በእግር ሶማሌ ተራ ወረድ ብላችሁ የመኪና ኤሌክትሪክ እቃውን፣ መርካቶ ገብታችሁ ሸራውንና ስፖንጁን፣ አሮጌ ብረት ምናምን ደሞ ምናለሽ ተራ ታገኛላችሁ።

መጀመሪያ አልጋውን ጨርሱ። ብዙ ሰው ከስፒከርና ከመብራት ነው የሚጀምረው፣ ግን ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው ጠዋት ሐይቁ ቢያምርም ባያምርም አይታየውም። የካቢኗ የውስጥ ስፋት 180 ሳንቲም ከሆነ በግራና በቀኝ 60፣ 60 ሳንቲም መቀመጫ ሰርታችሁ መሀሉን መተላለፊያ ማድረግ ነው፣ ጠረጴዛውም 60 ይሁንና ማታ ወርዶ መሀሉን ሲሞላው ሙሉ አልጋ ይወጣዋል። የጀልባ ጎን ቀጥ ያለ ስላልሆነ በሜትር ብቻ ለክታችሁ ለአናጺ ከሰጣችሁት አይገጥምም። የፍሪጅ ካርቶን ፈልጉና ጎኗ ላይ እያስጠጋችሁ በትንሽ በትንሹ ከርክሙት፣ ክፍተት ሳይተው ልክክ ሲል ያንን ካርቶን ለአናጺው ውሰዱለት፣ እሱ እላዩ ላይ አስምሮ ባለ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ይቆርጥላችኋል። የተቆረጠውን ጠርዝ ሶስቴ ቫርኒሽ አስቀቡት፣ እንጨቱ ውሃ የሚጠጣው በዛ በኩል ነው።

ሌላው፣ ከፍራሹ ስር ያለውን ኮምፔንሳቶ በየስንዝሩ ሶስት ሳንቲም ስፋት ባለው ቀዳዳ አስበሱት። የሰው ሙቀትና ላብ በስፖንጁ አልፎ ቀዝቃዛው እንጨት ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል፣ አየር ካላገኘ ፍራሹ ከስር ይረጥብና ይሻግታል። ስፖንጁ ጠንከር ያለ 10 ሳንቲም ይሁን፣ ልብሱ ደሞ ዚፕ ያለው ጥጥ ቢሆን ይሻላል፣ ሌዘሩ ሲሞቅ ሰውነት ላይ ይለጠፋል። አጎበርም እንዳትረሱ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም ሆኑ ጣና የወባ አካባቢ ናቸው።

መብራቱ ላይ ሂሳብ ስሩ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ማለት 1,200 ዋት ሰዓት ነው፣ የተለመደው የአሲድ ባትሪ ከሆነ ግን ከግማሹ በላይ ከጠጣችሁት ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚ በእጃችሁ ያለው 600 ነው። ሁለት ኤልኢዲ አምፖል፣ የሁለት ስልክ ቻርጅና ሌሊቱን የሚዞር ትንሽ ፋን ተደምረው 200 እንኳን አይሞሉም፣ ባለ 100 ዋት ሶላር ይህንን ቀን ቀን ይተካዋል። ትንሽ ፍሪጅ ካስገባችሁ ግን እሱ ብቻውን በቀን 500 ገደማ ይበላል። እኔ ብትሰሙኝ ፍሪጁን ተዉት በቃ። የሃይላንድ ውሃ ቤታችሁ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርጋችሁ ወፍራም አይስ ቦክስ ውስጥ ደርድሩት፣ ስጋውን ያቀዘቅዝላችኋል፣ ሲቀልጥ ደሞ ትጠጡታላችሁ። ገመዱ ባለ ብዙ ክር ይሁን፣ የቤቱ ባለ አንድ ወፍራም ሽቦ ከሞተሩ ንዝረት ብዛት ይበጠሳል፣ ዋናውን ፊውዝ ደሞ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳታርቁ አስገቡት።

ከሰል ካቢን ውስጥ በጭራሽ፣ በጭራሽ አታቀጣጥሉ። ቡና ያለ ከሰል አይጥመንም አውቃለሁ፣ ግን ጭሱ የማይታይ መርዝ ስለሆነ ተኝቶ መቅረት አለ፣ ጀበናውን የብስ ላይ ወርዳችሁ ጣዱት። የጋዝ ሲሊንደርም ውጪ ይቀመጥ፣ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወርዶ ጀልባዋ ወለል ስር ይጠራቀምና አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ቤንዚኑም እንደዛው።

ውሃ በሰው በቀን አምስት ሊትር ያዙ፣ ጄሪካኖቹ ከባድ ስለሆኑ መሀል ላይ ከወለሉ አስጠግታችሁ እሰሯቸው። ለሽንት ቤት ክዳን ያለው ባልዲ፣ ላስቲክና ከአናጺው የምታመጡት ሰጋቱራ በቂ ነው፣ ሐይቅ ውስጥ ግን እንዳትደፉት፣ ሰው የሚጠጣው ውሃ ነው።

ሁሉም ሲያልቅ ጀልባዋ ግቢ ውስጥ ጋሪዋ ላይ እንዳለች አንድ ሌሊት እደሩባት፣ ከቤት መብራትም ውሃም ሳትወስዱ። የጎደለው ሁሉ ያን ሌሊት ይታወቃል፣ ጠዋት ወጥታችሁ ትገዛላችሁ።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ከጉልበቱ 15 ከመቶ ያህሉን ያጣል። እቃ ጭናችሁ ጀልባዋ ፍጥነት ይዛ ውሃው ላይ ካልተነሳችላችሁ ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት፣ አንድ ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ቀይሩለት። ትርፍ ካንዴላና ፊውዝ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ የጥላውን ሸራ ቀድማችሁ ጠቅልሉ፣ ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ አትንቀሳቀሱ፣ መልህቅ ስትጥሉ ደሞ ገመዱን የጥልቀቱን ሰባት እጥፍ ልቀቁለት፣ አምስት ሜትር ውሃ ላይ 35 ሜትር ማለት ነው፣ ካጠረ መልህቁ ይነቀልና ተኝታችሁ ዳር ትወጣላችሁ።