ጌም ለኮንሶል ስትሰሩ ተጫዋቹን አትሳቱት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሞኑን አራት ኪሎ ጌም መስራት ከጀመሩ ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ነበር፣ ስራቸው ደስ ይላል፣ ግን "ታርጌታችሁ ማነው?" ስላቸው "ፕሌይስቴሽን ያለው ሰው" አሉኝ። ይሄ መልስ አይደለም። ትልልቆቹ ፐብሊሸሮች (ጌም አውጥተው ሚሸጡ ካምፓኒዎች) ራሳቸው እንደዚ እያሰቡ ብዙ ብር አቃጥለዋል፣ ስለዚ እነሱ የሳቱትን አንድ በአንድ ልፃፍላችሁ፣ አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

1. ማሽኑን ቆጥሮ የገዛውን ሰው አለማየት

የኒንቴንዶ ዊ ሚባለው ኮንሶል በ2006 ወጣና ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ይሄን ያየ ፐብሊሸር ገበያው እዛ ነው ብሎ ተሯሯጠ። በ2009 ሴጋ ማድወርልድ ሚባል ደም በደም የሆነ የአዋቂ ጌም አወጣ፣ ፊፋን ሚሰራው ኢኤ ደግሞ በዛው አመት ዴድ ስፔስ ኤክስትራክሽንን። ጌሞቹ መጥፎ አልነበሩም፣ ብዙ ገምጋሚ ወዷቸዋል፣ ግን አልተሸጡም። ዊን ማን ነበር የገዛው? ጆይስቲክ ነክተው ማያውቁ እናትና አባት፣ ሳሎን ቆመው ከልጅ ልጃቸው ጋር ቦውሊንግ ሚወረውሩ አያት። ዊ ስፖርትስ ሚባለው የቦውሊንግና የቴኒስ ጌም ከጃፓን ውጪ በብዙ አገር ከማሽኑ ጋር አብሮ ይሰጥ ስለነበር ለብዙ ቤት እሱ ብቻ በቂ ነበር። ራሱ ኒንቴንዶም ይሄንኑ ሰው በደንብ አላናገረውም፣ በ2012 ዊ ዩ ብሎ አዲስ ማሽን ሲያወጣ ብዙ ሰው የድሮው ዊ ተጨማሪ እቃ መሰለው፣ የተሸጠውም 13 ሚሊዮን ተኩል አካባቢ ብቻ ነው።

2. አንድ ኮንሶል አንድ ሰው ነው ማለት

እኔን በጣም ሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ አንድ ጌም ቤት አለ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ቲቪ፣ የአናሎጉ ጎማ ተልጦ ፕላስቲኩ የቀረ ጆይስቲክ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ብሩን በእጁ ጨብጦ ተራ ይጠብቃል፣ የከፈለው ለአንድ ግጥሚያ ነው፣ ተራው ሲደርስ የጆይስቲኩን ኤክስ ቁልፍ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ሜኑውን ሁሉ ያልፈዋል፣ አንድም ነገር አያነብም፣ ምክንያቱም ከኋላው አምስት ልጅ "ቶሎ በል!" እያለው ነው። ቡድኑን መርጦ አሰላለፉን ለመንካት ያለው ጊዜ ከደቂቃ አይበልጥም። አሁን እስቲ አስቡት፣ የናንተ ጌም መጀመሪያ አካውንት ክፈት፣ ከዛ አስር ደቂቃ መማሪያ ተጫወት፣ ከዛ ታሪኩን ስማ ሚል ከሆነ ይሄ ልጅ ገና ሳይጀምር ብሩ አልቋል።

ሌላው ነገር፣ ፐብሊሸሩ ተጫዋቹን ሚያየው በአካውንት ነው። የኢኤ የእግርኳስ ጌም ትልቅ ገቢ ሚያገኘው አልቲሜት ቲም ከሚባለው፣ የተጫዋች ካርድ እየሰበሰቡ ቡድን ከሚሰሩበት ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የአንድ ሰው አካውንት ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ የኔ ቡድን፣ የኔ ካርድ። ጌም ቤት ውስጥ ግን አካውንቱ የባለቤቱ ነው፣ በቀን ስንት እጅ ያን ጆይስቲክ ይይዘዋል፣ ከካምፓኒው ኮምፒውተር (ከሰርቨሩ) በኩል ሲታይ ግን ያ ሁሉ ህዝብ አንድ ሰው ነው። ስለዚ የሁለት ሰው ጨዋታ እዛው አንድ ቲቪ ላይ በሁለት ጠቅታ ሚጀምር አድርጉ፣ ኦንላይኑ ይደርሳል።

3. አሮጌ ማሽን የያዘውን መርሳት

ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 ነው የወጣው፣ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፣ በ2013 መጀመሪያ መመረቱ ቆመ ተባለ። በዛው አመት መጨረሻ ፕሌይስቴሽን 4 ሲመጣ ፊፋ 14 እና ፔስ 2014 ግን ለዛ አሮጌ ማሽን ጭምር ወጥተዋል! ማሽኑ ገና ሰው ቤት ነበራ። በተቃራኒው ሳይበርፐንክ 2077 በታህሳስ 2020 ሲወጣ ያኔ አሮጌ በሆኑት ፕሌይስቴሽን 4 ላይና ኤክስቦክስ ዋን ላይ ጨዋታው እየተንቀጠቀጠና እየተዘጋ አስቸገረ፣ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒም ከስቶሩ አነሳው፣ የተመለሰው በሰኔ 2021 ነው። ደካማ ማሽን ያለውንም አትናቁት፣ ፊፋ የኒንቴንዶው ስዊች ላይ ከፊፋ 20 እስከ 23 ሌጋሲ ኤዲሽን እየተባለ ማልያና ስም ብቻ እየተቀየረ ነበር ሚሸጠው፣ ሰው ደግሞ ያውቃል።

4. አገር ሲቀየር ፅሁፉን መተርጎም በቂ ነው ማለት

የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጆይስቲክ በጣም ግዙፍ ነበር፣ በ2002 ጃፓን ሲገባ ለጃፓን ተብሎ አነስ ያለ ተሰራ፣ በኋላ እሱ ነው በየአገሩ ዋናው የሆነው። ፕሌይስቴሽን ላይ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ጃፓን ውስጥ "እሺ" ክቧ ቁልፍ ነበረች፣ ኤክሷ "አይ"፣ ውጪ አገር ተገላቢጦሽ፣ ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ሲመጣ ነው ኤክሷ በሁሉም አገር "እሺ" የሆነችው። ሞንስተር ሀንተር ሚባለውን የአውሬ አደን ጌም እዩት፣ ጃፓን ውስጥ በእጅ ሚያዘው ፒኤስፒ ላይ ጓደኛሞች ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር ሚጫወቱት፣ ሌላ አገር ያ ልማድ እንደዛ አልነበረም። ካፕኮም በ2018 ሞንስተር ሀንተር ወርልድን ለቤት ኮንሶል ሰርቶ በየአገሩ በአንድ ቀን ሲለቀው ከ20 ሚሊዮን በላይ ተሸጠለት።

5. ፊትህ ያለው ማን እንደሆነ ሳያውቁ ማውራት

ግንቦት 2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ስለ ቲቪና ስለ ስፖርት ስርጭት ብዙ አወራ፣ እያየ የነበረው ግን ጌመር ነው። በዛ ላይ በ24 ሰአት አንዴ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ዲስክ ለሰው መስጠትና መሸጥ ላይም ገደብ አለው ተባለ። ዋጋው ከነ ኪኔክት (እንቅስቃሴና ድምፅ ሚያነብ ካሜራ) 499 ዶላር፣ ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ 399። ጩኸቱ ሲበዛ ሰኔ ላይ ገደቦቹን አነሱ፣ ሰው ግን ልቡ ሄዷል። ሲዲ ከእጅ እጅ እየተዋዋሰ ባደገበት ፒያሳ እንዲህ አይነት ደንብ ይዞ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

6. አገሩ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አለማየት

የሶኒው ጌም ሄልዳይቨርስ 2 በየካቲት 2024 ወጣ፣ በፒሲም በደንብ ተሸጠ፣ ግንቦት ላይ ሶኒ የፒሲ ተጫዋች የፕሌይስቴሽን አካውንት ማገናኘት አለበት አለ። ችግሩ አካውንቱ ማይከፈትባቸው አገሮች ከመቶ በላይ ነበሩ፣ ጌሙ እነዛ አገሮች ላይ ከገበያ ወረደ፣ ተጫዋቹ ሲነሳባቸው በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ሻሩት። እዚ አዲስ አበባ ብዙ ሰው አካውንቱን በሌላ አገር አድራሻ ነው ሚከፍተው፣ ስለዚ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ስንት አለ ብላችሁ ከካምፓኒ ቁጥር ብትጠይቁ እሱ ሌላ አገር ውስጥ ተቆጥሮ ነው ምታገኙት።

ልጆቹን ቅዳሜ ጌማቸውን በፍላሽ ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ፣ ቀበና መውረጃው ጌም ቤት ጥግ ላይ ቁጭ ብለን አንድም ቃል ሳንተነፍስ ዩኒፎርም የለበሰው ልጅ ስንት ጊዜ ኤክሷን እንደሚጫን እንቆጥራለን።