ትልቅ ሙሉ ቁጥርን ስንመረምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ የ4,294,967,297 ምሳሌ

32 ሁለቶች ተባዝተው በውጤቱ ላይ 1 ሲደመር 4,294,967,297 ይገኛል። ይህ ቁጥር ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ታላቁን ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማን እንኳ ያሳሳተ በመሆኑ፣ በትልልቅ ቁጥሮች ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶችን ለማስረዳት ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ የለም እላለሁ።

ፌርማን ያሳሳተው ከጥቂት ምሳሌዎች ተነሥቶ ሕግ ማውጣት ነው። የሁለቶቹ ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሲሆን በዚሁ መንገድ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይገኛሉ፤ አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። እርሱም ተከታዮቹ ሁሉ እንደዚያው እንደሚሆኑ ገመተ። በ1732 ግን ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር ስድስተኛው ቁጥር፣ ማለትም የእኛ 4,294,967,297፣ 641 በ6,700,417 ሲባዛ የሚገኝ መሆኑን አሳየ።

ሌላው ስህተት የአኃዞችን ድምር ከቦታው ውጭ መጠቀም ነው። የቁጥራችን አኃዞች ድምር 59 ስለሆነ፣ 59 ደግሞ ለ3 ያለ ቀሪ ስለማይካፈል፣ ቁጥሩም ለ3 አይካፈልም። ደንቡ የሚሠራው 10 ለ3 ወይም ለ9 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሚሆን ብቻ ነው። ለ7 ግን አይሆንም፤ 59 ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ ቁጥሩ ራሱ ሲካፈል ግን የሚተርፈው 5 ነው።

ከሁሉ የሚበዛውና እኔም አጥብቄ የማስጠነቅቀው ሙከራን ያለ ጊዜው ማቆም ነው። ከ641 በታች ያሉት 115 ብቸኛ ቁጥሮች አንዳቸውም ይህን ቁጥር ያለ ቀሪ አያካፍሉትም፤ ስለዚህ እስከ 100 ወይም እስከ 500 ሞክሮ «ብቸኛ ነው» ብሎ መደምደም ፈጽሞ አይቻልም። በአንጻሩ እስከ ቁጥሩ ግማሽ ድረስ መሄድም ከንቱ ድካም ነው። 65,537 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን ይበልጣልና፣ እስከ 65,536 ድረስ አካፋይ ካልተገኘ ከዚያ በላይ መፈለግ አያስፈልግም። ኦይለር ግን ይህን ያህል እንኳ አልደከመም። የዚህ ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 እንደሚተርፈው ስላረጋገጠ፣ መሞከር የሚገባቸው 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ የሚቀጥሉት ብቻ ናቸው፤ አካፋዩም አምስተኛው ላይ ይገኛል። የቁጥሩን አሠራር ሳያጤኑ በጭፍን ማካፈል የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

የአንድን ሕግ ግልባጭ እውነት አድርጎ መውሰድም አደገኛ ነው። አንድ ጎዶሎ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ፣ ብዛታቸው ከእርሱ በ1 ያነሰ ሁለቶች ተባዝተው ለራሱ ለቁጥሩ ሲካፈሉ ቀሪው 1 ይሆናል። ይሁን እንጂ ቀሪው 1 መሆኑ ብቻውን ብቸኛነትን አያረጋግጥም። የእኛ ቁጥር ብቸኛ ሳይሆን ይህን ፈተና ያልፋል፤ 64 ሁለቶች ተባዝተው ለእርሱ ሲካፈሉ 1 ስለሚተርፍ፣ ከቁጥሩ 1 ተቀንሶ የሚገኘውም የ64 ብዜት ስለሆነ ማለፉ የማይቀር ነው። በ2 ፋንታ 3 ቢወሰድ ግን ይወድቃል።

በመጨረሻም መሣሪያን አለማወቅ አለ። በዚሁ ተርታ ቀጥሎ የሚመጣው 18,446,744,073,709,551,617 ባለ 20 አኃዝ ሲሆን፣ ኤክሴል ከ15 በላይ ጉልህ አኃዞችን ስለማይዝ የመጨረሻዎቹን በዜሮ ይተካቸዋል፤ በዚህም ጎዶሎው ቁጥር ለ10 የሚካፈል መስሎ ይታያል። እንዲህ ላለው ስሌት ሙሉ ቁጥሮችን ሳይቆርጥ የሚይዝ እንደ ፓይተን ያለ የፕሮግራም ቋንቋ መጠቀም ይገባል።