ትልቅ ገንዳ ከመግዛታችሁ በፊት ቦይለሩን እዩ

ጎንደር ውስጥ ባኞ ቤት እያደሳችሁ ነው? ትልቅ የመታጠቢያ ገንዳ ካማራችሁ፣ ከገንዳው ውበት በፊት ቦይለራችሁን እዩ።

ትልልቆቹ ገንዳዎች 250 ሊትርና ከዚያ በላይ ይይዛሉ። ደህና አድርጎ ለመሙላት ወደ 200 ሊትር ሞቅ ያለ ውኃ ያስፈልጋል። ባለ 50 ሊትር ቦይለር ደግሞ 60 ዲግሪ ቢያሞቀው እንኳ፣ ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ ለገላ የሚመች 100 ሊትር ያህል ቢሰጣችሁ ነው። ግማሽ ገንዳ ማለት ነው! ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ከሮቶ የሚወርደው ውኃ ይበርዳል። ስለዚህ ቢያንስ ባለ 100 ሊትር ቦይለር ያስፈልጋችኋል።

ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁማ አስቡበት። አንድ ሙሉ ገንዳ የባለ 1,000 ሊትር ሮቶን ሩብ ይጨርሳል። እኔ ብትጠይቁኝ፣ ከረጅሙ 180 ሳንቲ ሜትር ይልቅ 150 በ70 የሆነውን፣ ጠለቅ ያለውን እመርጣለሁ። ትከሻ ድረስ ይሸፍናል፣ ውኃም ይቆጥባል።

ፎቅ ላይ ከሆነ ክብደቱን አትርሱ። ውኃው ብቻ 250 ኪሎ ነው፣ ሰው ሲጨመር ከ300 ያልፋል። የብረቱ ገንዳ ባዶውን ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ቀለል ያለው የፕላስቲክ ዓይነት፣ አክሪሊክ፣ ይሻላል። ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ይችል እንደሆነም መሐንዲስ ይየው።

በሩንና ደረጃውን ለኩ። ገንዳው በሴራሚክ የሚሸፈን ከሆነ፣ በሲፎኑ (ከገንዳው ሥር ባለው የፍሳሽ መውጫ) በኩል የሚከፈት መስኮት እንዲተውለት አድርጉ። አለበለዚያ ሲያፈስ ሴራሚኩን ማፍረስ ሊመጣ ነው።