በፍርድ ቤት የተወሰነ የልጅ ቀለብ እንዲሻሻል እንዴት ይጠየቃል?

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ ተለያይተው የሚኖሩ ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው የትኛው ሕግ እንደሚመለከታቸው መለየት ይኖርባቸዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ክፍል በአማራ ክልል በቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ተተክቷል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 213/1992 ግን የፌዴራሉ ሲሆን የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። በድሮው ሕግ ፍቺ ከጥፋት ጋር የተሳሰረ ስለነበር፣ ዛሬም «ትዳሩን ያፈረሰችው እሷ ናትና ቀለብ አልቆርጥም» የሚል አባት አይጠፋም። ቀለቡ የልጁ መብት እንጂ የእናቲቱ ካሳ ስላልሆነ ክርክሩ ውኃ አያነሣም።

ቀጥሎ የቀድሞውን ውሳኔ ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ማውጣት ያስፈልጋል። ስምምነቱ በሽማግሌ ፊት ብቻ የተደረገ ከሆነ የሚሻሻል ፍርድ ስለሌለ፣ አቤቱታው «ቀለብ ይወሰንልኝ» በሚል ይቀርባል። (ሽማግሌዎች በኩንታል ጤፍ የሚቆርጡት ቀለብ ገበያው ሲንር እንደ ብር አለመርከሱ፣ በእኔ እምነት፣ የሚናቅ ነገር አይደለም።)

ዋናው ሥራ ማስረጃ ነው። ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው የልጁን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም ስለሆነ፣ «ኑሮ ተወደደ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በልጁ በኩል የደብተር፣ የዩኒፎርምና የሕክምና ደረሰኞች፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የልደት ምስክር ወረቀት ይያያዛሉ። ከፋዩ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የደመወዙ መጠን ከመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ እንዲገለጽ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። ገበሬ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፤ የስንት ጥማድ መሬት ባለይዞታ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያመርትና ስንት ከብት እንዳለው የሚያውቁ ጎረቤቶች በምስክርነት ይቆጠራሉ። አቅሙ የወደቀ ከፋይም በዚሁ መንገድ እንዲቀነስለት ማመልከት ይችላል፤ ውሳኔ ሳያገኝ በገዛ ፈቃዱ መክፈሉን ማቆም ግን አይገባውም።

አቤቱታ ማዘጋጀት ለሚከብደው ሰው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ያልተከፈለ ውዝፍ ካለ ጥያቄው ከማሻሻያው ተለይቶ በአፈጻጸም መዝገብ (ፍርዱ እንዲፈጸም በሚከፈት መዝገብ) ይቀርባል። በፌዴራሉ ሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ሊጠየቅ ስለማይችል፣ ክፍያ በተቋረጠበት ወር ወዲያውኑ ማመልከት ይበጃል።