እግር ወለም ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ከቤዛዊት ኮረብታ ስወርድ ድንጋይ ረግጬ ቀኝ እግሬ ወለም አለኝ። ባጃጅ ይዤ ቤት እስክደርስ ቁርጭምጭሚቴ እንቁላል አክሎ ነበር። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ቅቤ አቀለጠች፣ ሌላው ወጌሻ ልጥራ አለ። ሁሉም አዝነውልኝ ነው፤ ግን ያን ቀን ከተደረገልኝ ግማሹ ጎድቶኛል፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

አንደኛው ስህተት በትኩሱ መታሸት ነው። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ስንል የእግሩ ይታሻል ብለን አምነን ነው። ጅማት ሲሳብ ወይም ሲበጠስ ግን ትንንሽ የደም ሥሮችም አብረው ይቀደዳሉ። ሰውነት ደሙን ያረጋል፣ ፈሳሽና ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ቦታው ይልካል፣ የተጎዳውን ሥጋ ማጽዳት ይጀምራል። እብጠቱና ሙቀቱ የዚህ ሥራ ምልክት ነው። በዚህ ሰዓት ማሸት የረጋውን መልሶ ማድማት ነው። ሙቅ ውሃና የአልኮል መጠጥም እብጠቱን ያብሱታል። ሁለት ሦስት ቀን አትነካኩት። ትራስ ላይ ከፍ አድርጉት፣ በፋሻ ጠቅልሉት፤ ጣታችሁ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ፋሻው ጠብቋልና አላሉት።

ከዚህ የሚብሰው ስብራትን ወለምታ ነው ብሎ ማለፍ ነው። የካናዳዋ ኦታዋ ሐኪሞች በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀላል መለያ አለ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጉብ ያለው አጥንት ከኋላው ወይም ጫፉ ላይ ስትጫኑት ካመማችሁ፣ ራጅ ተነሡ። ወጌሻዎቻችንን አልንቅም፣ ግን የተሰበረ አጥንት ከታሸ ሊዛነፍ ይችላል። ራጁ ይቅደም።

በረዶስ? በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉት፣ ያቃጥላል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ሕመም ያስታግሳል እንጂ ጅማቱን አይጠግንም። በ1978 እ.ኤ.አ. የዕረፍትና የበረዶን ምክር ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሱ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ማገገምን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፏል።

ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ መተኛትም ስህተት ነው፣ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ሰውነት በተቀደደው ቦታ ኮላጅን የሚባል አዲስ ክር ይሠራል። ክሩ መጀመሪያ ዝብርቅርቅ ብሎ ነው የሚበቅለው፤ በልኩ ስትረግጡትና ስታንቀሳቅሱት ነው ጉልበቱ በሚያርፍበት አቅጣጫ የሚሰለፈውና የሚጠነክረው። ተቀምጣችሁ በአውራ ጣታችሁ አየር ላይ «ሀ ሁ ሂ» ጻፉ። ሕመሙ ሲቀንስ ሐይቁ ዳር ለጥ ባለው መንገድ አጠር አጠር እያደረጋችሁ ተራመዱ። ትንሽ ቢያማችሁ አትደንግጡ፤ በማግስቱ ሕመሙ ወይም እብጠቱ ከጨመረ ግን አብዝታችኋል ማለት ነው።

የመጨረሻው፣ ሕመም ጠፋ ብሎ ኳስ ሜዳ መግባት። ሕመሙ በሳምንታት ይሄዳል፤ ጅማቱ ግን የሚደርሰው ደም ከጡንቻ ያነሰ ስለሆነ ክሩ እስኪጠነክር ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። እኔ ከአልጋ በተነሣሁ በአራተኛው ቀን ልሮጥ ወጥቼ ያው እግሬ እንደገና ወለም አለ። አሁን ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግሬ ቆሜ፣ ጤነኛው እግሬ የሚቆየውን ያህል የታመመውም ሳይንቀጠቀጥ ሲቆይ ነው ሩጫ ጫማዬን የማስረው።