መስቀለኛ መንገድ ላይ ሳይክል ከመጋጨቱ በፊት የሚታዩ ምልክቶች፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃንን የአዲስ አበባ–ደሴ አውራ ጎዳና ሰንጥቋት ያልፋል። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ሚኒባሱና ተሳቢው እዚያው አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። ሸዋ ሮቢትም እንዲሁ ነው። በመሃል ሳይክል የሚነዳ ተማሪ አለ፣ ወደ ሥራ የሚሮጥ ወጣት አለ። እነዚህ ልጆች በሰላም እንዲገቡ እፈልጋለሁ። ግጭት ድንገት የሚመጣ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል።

ችግር፦ በግራችሁ ያለፈ መኪና ወዲያው ወደ ቀኝ ይታጠፍባችኋል።

ምክንያቱ፣ ሹፌሩ አንዴ ካለፋችሁ ወደኋላ የቀራችሁ ይመስለዋል። ፍጥነታችሁንም አሳንሶ ይገምታል። ባጃጅ ደግሞ ተሳፋሪ ካየ ፍሬቻ ሳያሳይ ጥግ ሊይዝ ይችላል።

መፍትሄ፦ ፍሬቻ አትጠብቁ፤ የፊት ጎማውን እዩ። ፍሬቻ ይረሳል፣ ጎማ ሳይዞር ግን መኪና አይታጠፍም። መንገድ ዳር የቆመ ሰው እጁን ካነሳ ባጃጁ ይቆማል ብላችሁ አስቡ። መስቀለኛ መንገዱ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ወደኋላ ዞር ብላችሁ እዩ፣ እጅ አሳዩ፣ ከዚያ ከጥጉ ወጣ በሉ። ጥግ ጥጉን የሚሄድ ሳይክል ለመታየትም ለማምለጥም ይቸገራል።

ችግር፦ ከባድ መኪና ወደ ግራ ሰፋ ብሎ በቀኙ ክፍት ቦታ ይተዋል።

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ቦታው "ግቡ" የሚል ይመስላል። ሹፌሩ ግን ወደ ግራ የወጣው ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ነው። ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን መንገድ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ይመጣል። ክፍት የነበረው ቦታ በሴኮንዶች ውስጥ ይዘጋል። ሹፌሩ የተቀመጠው በግራ፣ ያውም ከፍ ብሎ ነው። ከጋቢናው በስተቀኝ አጠገቡ ያለ ሳይክል በስፖኪዮም ላይታየው ይችላል።

መፍትሄ፦ በቀኙ በፍጹም አትግቡ፣ ቆሞም ቢሆን። ከኋላው ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። ስፖኪዮው ላይ የሹፌሩ ፊት ካልታያችሁ እሱም አያያችሁም። አጠገቡ እያላችሁ መታጠፍ ከጀመረ ከሳይክሉ ውረዱና ወደ እግረኛ መንገድ ውጡ። ሳይክሉ ይቅር።

ችግር፦ ከፊት የሚመጣ መኪና እያየ ወደ ግራ ታጥፎ መንገዳችሁን ይዘጋል።

ብዙ ጊዜ እያየ አይደለም። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ስትል ዓይኑን ታጭበረብረዋለች። ጥላችሁን እዩ፦ ከፊታችሁ ረዝሞ ወደ መኪናው ከወደቀ ፀሐይዋ በሹፌሩ ዓይን ገብታለች። ያኔ ፍጥነት ቀንሱ፣ ጣታችሁ ፍሬን ላይ ይሁን። ጉም በሚወርድበት በክረምት ጠዋት ደግሞ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት በቀንም አብሩ።

ችግር፦ ፍሬን ብትይዙም ሳይክሉ አይቆምም።

በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በአንድ ሴኮንድ 5 ሜትር ተኩል ትሄዳላችሁ። ፍሬን ለመያዝ ስታስቡ ብቻ ይህን ያህል ርቀት ያልቃል። ቸርኬው ከረጠበ የፍሬን ጎማው መጀመሪያ ውኃውን መጥረግ አለበት፣ መቆሚያውም ይረዝማል። ስለዚህ ዝናብ ካለ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ሳትደርሱ ፍሬኑን ቀለል አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉ። ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ ያዙ፤ ዋናውን ኃይል የሚሰጠው የፊቱ ነው። ሰውነታችሁን ወደኋላ ሳብ አድርጉ። ከቤት ሳትወጡም የፍሬኑን መያዣ ጨብጡት፦ መሪውን ከነካ ሽቦው ላልቷል፣ አጥብቁት።

ችግር፦ ከጎን የመጣ መኪና ሳትሰሙት አጠገባችሁ ይደርሳል።

የደብረ ብርሃን ብርድ አይቻልም፣ አውቃለሁ። ግን ጋቢ ተከናንቦ መንዳት ጆሮንም የጎን እይታንም ይሸፍናል፤ ጫፉም ጎማ ውስጥ ይገባል። ጃኬት ልበሱ፣ ጆሮ የሚያሰማ ስስ ኮፍያ አድርጉ፣ ጋቢውን ስትደርሱ ደርቡት።