ሊዮን ውስጥ የት ሰፈር ይታደራል?

ሊዮን ሁለት ወንዝና ሁለት ኮረብታ ያላት የፈረንሳይ ከተማ ናት። ማደሪያ ሲመረጥ ከዋጋውም ከሆቴሉ ኮከብም በፊት መታየት ያለበት ይኸው ነው። ካርታ ላይ ሦስት መቶ ሜትር የሚመስለው መንገድ ቦታው ላይ ሲደርሱ ከ200 በላይ ደረጃ ያለው ዳገት ይሆናል። "ከመሃል ከተማ ይርቃል" ተብሎ የሚታለፈው ሰፈር ደግሞ በሜትሮ አሥር ደቂቃ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አልጋ ከመያዛችሁ በፊት የከተማዋን አቀማመጥ ያዙ።

በምዕራብ ሶን፣ በምሥራቅ ሮን ወደ ደቡብ ይፈስሳሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ ሜዳ ፕሬስኪል ይባላል፤ መሃል ከተማው እሱ ነው። ከሶን ማዶ ፉርቪዬር ኮረብታ አለ፤ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ሉግዱኑምን የቆረቆሩት እዚያ ላይ ነው። ከኮረብታው ሥር፣ እስከ ወንዙ ዳርቻ ባለው ቀጭን መሬት ላይ፣ አሮጌው ከተማ ቪዩ ሊዮን ተዘርግቷል። ከፕሬስኪል በስተሰሜን ያለው ኮረብታ የሐር ሸማኔዎቹ ክሯ-ሩስ ነው። ከሮን በስተምሥራቅ ያለው ሁሉ ሜዳ ነው፤ ትልቁ ባቡር ጣቢያ ፓር-ዲዩም በዚያው ወገን ነው። ዩኔስኮ በ1998 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ታሪካዊ ክፍል ቪዩ ሊዮንን፣ ፉርቪዬርን፣ ፕሬስኪልንና የክሯ-ሩስን ቁልቁለት አንድ ላይ የያዘ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ሌሊት ለሚመጣ ሰው ምክራችን አጭር ነው፦ ቪዩ ሊዮንን ቀን ጎብኙት፣ ማታ ፕሬስኪል እደሩ።

ፕሬስኪል፦ መንገድ በመንገድ ይለያያል

የፕሬስኪል ማዕከል ቤልኩር አደባባይ ነው። የሜትሮ መስመር ኤ እና ዲ የሚገናኙት እዚያ ስለሆነ፣ በአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ካደራችሁ ከተማዋ በሙሉ ትቀርባችኋለች። ድልድዩን ተሻግሮ ቪዩ ሊዮን ለመግባት እንኳ ከዚያ አይበልጥም። ይሁን እንጂ "ፕሬስኪል" የሚል ማስታወቂያ ሁሉ አንድ ዓይነት ማደሪያ አያመለክትም።

ከቤልኩር በስተደቡብ ያለው ኤኔ የሚባለው ሰፈር ከሁሉ የምንመርጠው ነው። የሜትሮ ጣቢያው አምፔር-ቪክቶር ዩጎ ይባላል፣ መስመሩ ኤ ነው። መንገዶቹ ሜዳና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የጥንት ዕቃ መሸጫዎች ይበዙበታል፤ ሱቆቹ ማታ ሲዘጉ ሰፈሩም ጸጥ ይላል። በ1107 እ.ኤ.አ. የተባረከችው የቅዱስ ማርቲን ባዚሊካም እዚሁ ናት።

ከቤልኩር ወደ ሰሜን፣ እስከ ኮርደልዬ ጣቢያ ያለው ክፍል በእግር ለሚጎበኝ ሰው እጅግ ምቹ ነው። ሩ መርስዬር በሚባለው መንገድ ላይ ግን ምግብ ቤቶቹ ወንበራቸውን ደጅ ላይ ያወጣሉ፤ መስኮቱ ወደዚያ የሚያይ ክፍል ከያዛችሁ እስከ እኩለ ሌሊት አትተኙም። ወደ ውስጥ ግቢ የሚያይ ክፍል ጠይቁ። ወደ ሰሜን ጫፍ ስትደርሱ ቴሮ አደባባይን ታገኛላችሁ፤ የሥዕል ሙዚየሙ፣ ማዘጋጃ ቤቱና ኦፔራው እዚያው ናቸው፣ መስመር ኤ እና ሲም እዚያ ይገናኛሉ። ችግሩ ከአደባባዩ ጀርባ ያለው ሩ ሳንት-ካትሪን ነው። መንገዱ መጠጥ ቤት በመጠጥ ቤት ስለሆነ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ሌሊቱን ይጮኻል። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ወይም ልጆች ከያዛችሁ ከዚህ መንገድ ቢያንስ ሁለት ሦስት ብሎክ ራቁ።

በደቡብ ጫፍ ያለው ፔራሽ ጣቢያ አካባቢ ረከስ ያለ ሆቴል ይገኝበታል። ከጣቢያው ፊት ለፊት በ1976 እ.ኤ.አ. የተሠራ ግዙፍ የኮንክሪት መተላለፊያ አለ፤ በሥሩም አውራ ጎዳና ያልፋል። ማታ ሻንጣ እየጎተቱ በዚያ ውስጥ መውጫ መፈለግ አድካሚ ነው። ሆቴሉ በስተሰሜን፣ በካርኖ አደባባይ በኩል ከሆነ ችግር የለውም። ከጣቢያው ጀርባ ከሆነ ግን በየትኛው መውጫ እንደምትወጡ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ኮንፍሉዋንስ አዲስ ሰፈር ነው። ሕንፃዎቹ አሳንሰርና ጥሩ መስኮት አላቸው፣ ትራም ቲ1 ያልፍበታል፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተውም ሙዚየም እዚያው ነው። ለአዛውንትና ለጋሪ ልጅ ይመቻል፤ የመጣችሁት ለታሪክ ከሆነ ግን በየጠዋቱ ከታሪኩ ርቃችሁ ትነሣላችሁ።

ቪዩ ሊዮን፦ ሰው ሁሉ የሚመኘው

በ1964 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ከጥበቃ ሥር የዋለ የመጀመሪያው የከተማ ክፍል ነው። ውበቱን ማንም አይክድም። ነገር ግን ያው ጥበቃ ለማደሪያነት ያስቸግረዋል፤ የህዳሴ ዘመን ሕንፃን ሸንሽኖ አሳንሰር ማስገባት ስለማይቻል፣ አብዛኛው ቤት የሚወጣው በጠባብ ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ ነው። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ የሻንጣ ጎማ ይበላል፤ ታክሲ ደጃፍ ድረስ አይገባም። ሩ ሳን-ዣን ላይ የምግብ ቤቱ ጫጫታ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል፣ ከማለዳ ጀምሮ ደግሞ የጎብኚው ነው። ወደ ውስጥ ግቢ የሚያዩት ክፍሎች ጸጥ ያሉ ናቸው፣ በሐምሌም ይቀዘቅዛሉ፤ ሆኖም ብርሃን አያገኙም።

እዚያ ካልተኛሁ የሚል ሰው በደቡብ በኩል ያለውን ሳን-ዦርዥን ይምረጥ። ከካቴድራሉ አጠገብ ካለው የመስመር ዲ ጣቢያ ብዙ አይርቅም፣ ጎብኚውም ይሳሳል። በሰሜን ያለው ሳን-ፖል ከሜትሮው አሥር ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። ካርታው ላይ "ሞንቴ" በሚል ቃል የሚጀምር አድራሻ ስታዩ ዳገት ወይም ደረጃ መሆኑን ዕወቁ። የሚከራየው ቤት በትራቡል፣ ማለትም ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው በሕንፃ ውስጥ በሚያሳልፈው መተላለፊያ የሚገባ ከሆነ፣ በግድግዳዎቹ ውስጥ ድምፅ ስለሚያስተጋባ ማታ ዝግ ብላችሁ ግቡ፤ ሰዎች የሚኖሩበት ነው።

ፉርቪዬር ላይ ማደር ከተማዋን ከላይ ያሳያችኋል። ከቪዩ ሊዮን ጣቢያ ወደ ላይ የሚወጣው ፉኒኩላር (በገመድ የሚጎተት የዳገት ባቡር) ማታ ስንት ሰዓት እንደሚያበቃ ሳታዩ ግን አልጋ አትያዙ፤ ካመለጣችሁ የሚቀራችሁ ደረጃው ነው።

ክሯ-ሩስ፦ ቁልቁለቱና አናቱ

ቁልቁለቱ (1ኛ ወረዳ) እና አናቱ (4ኛ ወረዳ) ለየብቻ ናቸው። አናቱ ላይ ስትወጡ መሬቱ ሜዳ ነው፤ ከሰኞ በስተቀር በየጠዋቱ በቡሌቫሩ ላይ ገበያ ይቆማል፣ ኑሮውም የነዋሪው እንጂ የጎብኚው አይደለም። ከአምስት ሌሊት በላይ ለሚቆይና ራሱ ለሚያበስል ሰው ከፕሬስኪል ይልቅ ይህን እንመክራለን። መስመር ሲ ከቴሮ አጠገብ ተነሥቶ በጥርስ ሐዲድ ዳገቱን ያወጣችኋል። ክሯ-ፓኬ ጣቢያ አጠገብ ካደራችሁ ግን ቁልቁለቱ ላይ ናችሁ፤ ወደየትም ስትሄዱ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ።

እዚህ ሰፈር የፎቅ ቁጥር ያሳስታል። ቤቶቹ የተሠሩት ረጅሙን የዣካር የሽመና መሣሪያ ለማቆም ስለሆነ ጣሪያቸው አራት ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ አሳንሰር የሌለው 4ኛ ፎቅ ጉልበታችሁ ላይ እንደ 5ኛ ወይም 6ኛ ፎቅ ነው። በከፍታው ተጠቅመው ብዙዎቹ አልጋውን ቆጥ ላይ ያደርጉታል፤ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ቆጡ ላይ መተኛት ያስቸግራል። ሊዮን በበጋዋ ከ35 ዲግሪ የምታልፍባቸው ቀናት አሉ፣ አሮጌው ቤት በአብዛኛው ማቀዝቀዣ የለውም።

ከሮን ማዶ

ፓር-ዲዩ የባቡር፣ የቢሮና የገበያ ማዕከል ሰፈር ነው። ማለዳ ባቡር ለሚይዝ ወይም ለአንድ ሌሊት ለሚያልፍ ሰው ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚመጣው ሮንኤክስፕሬስም በ30 ደቂቃ ገደማ እዚያ ያወርዳል (ትኬቱ ከከተማው ትኬት የተለየ ነው)። ወደ አሮጌው ከተማ ለመሄድ በመስመር ቢ ሳክስ-ጋምቤታ ወርዳችሁ ወደ መስመር ዲ ትቀይራላችሁ፤ ከዚያ ቤልኩር ሁለተኛው፣ ቪዩ ሊዮን ሦስተኛው ጣቢያ ነው። እንዲህ ስለሆነ ሳክስ-ጋምቤታ ራሱ፣ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት፣ በዋጋና በመጓጓዣ ሚዛን የሚደፋ ሰፈር ነው። በስተደቡብ ያለው ዣን ማሴም እንዲሁ።

6ኛው ወረዳ ባለጠጎች የሚኖሩበት፣ ሰፊ መንገድ ያለው ነው፤ 117 ሄክታር የሚሰፋው ቴት ዶር መናፈሻ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ትልቅ ጥቅም ነው።

ጊዮቲዬር የብዙ አገር ሕዝብ ሰፈር ነው፣ ከቤልኩርም አንድ ጣቢያ ብቻ ይርቃል። ለእኛ አንባቢ የተለየ ጥቅም አለው። የሊዮን ባህላዊ ምግብ ቤት የሆነው ቡሾን በአሳማ ሥጋ፣ በሆድ ዕቃ፣ በቅቤና በክሬም የታወቀ ነው፤ የሚጾም ሰው ወይም ሐላል የሚፈልግ ሰው ብዙም አይበላበትም። ጊዮቲዬር ግን የእስያ፣ የሰሜን አፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ምስር፣ ሽምብራና ሩዝ በቀላሉ ይገኛል። (ባጌት ዳቦ የሚሠራው ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ ስለሆነ ይጾሙበታል፤ ክሯሳን ግን ቅቤ አለው።) በጋብሪዬል ፔሪ አደባባይ ዙሪያ ማታ ሰው ይታጎራል፣ የስልክ ስርቆትም አለ። ስለዚህ ብሉበት፤ ለማደር ግን ከአደባባዩ ጥቂት መንገዶች ገባ በሉ። በሮን ምሥራቅ ዳርቻ ከታሰሩት የጭፈራ ጀልባዎች ፊት ለፊትም ክፍል አትያዙ።

በጀት ለጠበበው ቬዝ (9ኛ ወረዳ) አለ። ለዓይን ብዙም አይስብም፤ ከጋር ደ ቬዝ ተነሥቶ ግን አራተኛው የመስመር ዲ ጣቢያ ቤልኩር ነው።

አልጋ ከመያዝ በፊት

መጀመሪያ የፖስታ ቁጥሩን እዩ። የሊዮን ዘጠኝ ወረዳዎች ከ69001 እስከ 69009 ናቸው፤ የመጨረሻው አኃዝ የወረዳው ቁጥር ነው። "ሊዮን" የሚል ስም ኖሮት ቁጥሩ ሌላ ከሆነ ሆቴሉ ያለው ሌላ ከተማ ውስጥ ነው፣ አንዳንዱም አውራ ጎዳና ዳር። 69100 ቪለርባን ነው፤ እሱ ሜትሮ መስመር ኤ አጠገብ ከሆነ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ከበሩ እስከ ሜትሮ ያለውን መንገድ በርቀት ሳይሆን በእግር ደቂቃ ለኩ፣ ዳገቱንም ጨምሩ። ፎቁ እንደኛው የጂ+ አቆጣጠር ከምድር ቤት በላይ ይቆጠራል፤ አሳንሰር በማስታወቂያው ላይ ካልተጠቀሰ የለም ብላችሁ ውሰዱት። የሚከራይ ቤት ከሆነ የከተማው የምዝገባ ቁጥር መኖሩን አረጋግጡ፤ ያልተመዘገበ ቤት በመጨረሻ ሰዓት ሊሰረዝባችሁ ይችላል። በሰው በሌሊት የሚታሰብ የጎብኚ ቀረጥም ስላለ በዋጋው ውስጥ መካተቱን ጠይቁ። መኪና አትከራዩ፤ ፕሬስኪል ለተሽከርካሪ የተገደበ ነው።

ቀኑም ሰፈር ይመርጣል። በታኅሣሥ 8 እ.ኤ.አ. ዙሪያ ለአራት ሌሊት በሚከበረው የብርሃን በዓል አልጋ ከወራት በፊት ያልቃል፤ በመሃል ያሉ የሜትሮ ጣቢያዎችም ማታ ይዘጋሉ ወይም መግቢያቸው ይገደባል። ያን ጊዜ በእግር ልትመለሱበት የምትችሉት ቦታ ያዙ፤ ኤኔ ወይም ሳክስ-ጋምቤታ ይበቃል። በፈረንጆቹ ነሐሴ ደግሞ የሰፈር ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ለዕረፍት ይዘጋሉ።

ከአዲስ አበባ በፓሪስ ሻርል ደ ጎል በኩል የምትመጡ ከሆነ ፓሪስ ከተማ መግባት አያስፈልጋችሁም፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ከተርሚናል 2 የሚነሣ ፈጣን ባቡር በሁለት ሰዓት ገደማ ሊዮን ያደርሳል። ትኬቱ ፓር-ዲዩ ይሁን ፔራሽ ከማደሪያችሁ ጋር አዛምዱ።

ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው የማደሪያ ማስረጃ የቆይታችሁን ሌሊት ሁሉ መሸፈን አለበት፤ አንድ ሌሊት ክፍት መተው ጥያቄ ያስነሣል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ሊገባ ስለሚችል፣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ አልጋ ያዙና የመሰረዣው ቀን ከቪዛው ውሳኔ በኋላ እንዲሆን አድርጉ። ዘመድ ቤት የምታርፉ ከሆነ ደግሞ አስተናጋጃችሁ ከሚኖርበት ወረዳ ማዘጋጃ ቤት የእንግዳ መቀበያ ማረጋገጫ ማውጣት አለበት፤ ቀጠሮ ስለሚጠይቅ ከሁሉ በፊት ይጀመር፣ ዋናውም ቅጂ በፖስታ ይላክላችሁ።